የሚታደሰው ምንድን ነው? ታዳሽ ኃይል፣ የእርሻ መሬት እና የድጋፍ ፖሊሲ



ለዛሬ የተሰጠኝ ርእስ በእርሻ መሬት ላይ ለታዳሽ ኃይልና ለዘላቂ ግብርና የሚሰጠውን የፖሊሲ ድጋፍ የሚመለከት ነው። ርእሱ ሰፊ ስለሆነ በአንድ ጥያቄ ልሰብስበው። «ታዳሽ ኃይል» ስንል የሚታደሰው ምንድን ነው? ኃይሉ ብቻ ነው? ወይስ ኃይሉ የሚገኝበት አፈርና ውኃ ጭምር? የምሟገትለትን ሐሳብ አስቀድሜ ልናገር። በእርሻ መሬት ላይ ለሚተከል የኃይል ምንጭ የሚሰጥ ድጋፍ፣ ከሚያስገኘው ኃይል እኩል፣ በአፈሩና በውኃው ላይ በሚተወው ውጤት መመዘን አለበት። ሁለቱን ለያይቶ የሚያይ ፖሊሲ ጓዳውን ሞልቶ ጎተራውን ያራቁታል።

ከቋንቋችን ልጀምር። ላም የምትጥለው ነገር በአማርኛ እንደ አያያዙ ስሙ ይለዋወጣል። ትኩሱ እበት ይባላል። ተጠፍጥፎና በፀሐይ ደርቆ ለማገዶ ሲከማች ኩበት ይሆናል። ተጠራቅሞና በስብሶ ወደ ማሳ ሲወጣ ደግሞ ፍግ ነው። የገበሬው ቤተሰብ በየጠዋቱ ከሁለቱ አንዱን ይመርጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ የምትመርጠውም የቤቱ እናት ናት። እበቱ ኩበት ከሆነ ወጡ ይበስላል፣ ማሳው ግን ይራባል። ፍግ ከሆነ ማሳው ይጠግባል፣ ምድጃው ግን ይቀዘቅዛል። ደን በተራቆተባቸው የሰሜንና የመካከለኛው ደጋ አካባቢዎች ምርጫው በአመዛኙ ወደ ኩበት ያጋድላል። በጉራጌና በሲዳማ የእንሰት ጓሮዎች ግን እበቱ ወደ እንሰቱ ሥር ይሄዳል። በእነዚህ አካባቢዎች ብዙ ሕዝብ በጠባብ መሬት ላይ ለዘመናት መኖር ከቻለባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው።

ኩበት ሲነድ የሚጠፋውን በቀላል ስሌት እንየው። እንደ ከብቱ መኖ ቢለያይም፣ በ100 ኪሎ ግራም ደረቅ እበት ውስጥ 1.5 ኪሎ ግራም ያህል ናይትሮጅን ይገኛል። አንድ ባለ 50 ኪሎ የዩሪያ ማዳበሪያ ጆንያ 23 ኪሎ ግራም ናይትሮጅን ይይዛል። እንግዲህ በማድረቅ ጊዜ የሚባክነውን ትተን ብናሰላ፣ 15 ኩንታል ያህል ኩበት ያነደደ ቤተሰብ የአንድ ጆንያ ዩሪያ ናይትሮጅን በጭስ ወደ ሰማይ ልኳል ማለት ነው። ፎስፎረሱና ፖታሲየሙ በአመዱ ውስጥ ይቀራሉ፤ አመዱ ግን ብዙውን ጊዜ ከደጅ ይደፋል እንጂ ከማሳ አይደርስም። ከሁሉ የከፋው ኪሳራ ደግሞ በጆንያ የማይገዛው ነው። አፈርን የሚያያይዘው፣ ውኃ እንዲይዝ የሚያደርገው፣ የተጨመረለትንም ማዳበሪያ ታጥቦ እንዳይሄድ የሚጠብቀው የአፈር ብስባሽ አብሮ ይነድዳል።

እዚህ ላይ አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። ኩበት በኃይል ምደባ ሰንጠረዥ ውስጥ ከታዳሽ ኃይል ወገን ነው፤ ከብቱ ነገም እበት ይጥላልና። ስለዚህ በሰንጠረዡ ላይ ኢትዮጵያ ከዓለም ታዳሽ ኃይል ተጠቃሚዎች ግንባር ቀደም ናት። ከምናመነጨው ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ከውኃ ኃይል ይገኛል፤ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብም ከ5 ሺህ ሜጋ ዋት በላይ የማመንጨት አቅም ጨምሮልናል። ይሁን እንጂ አገሪቱ ከምትጠቀመው ጠቅላላ ኃይል እጅግ የሚበዛው ዛሬም የሚገኘው ከእንጨት፣ ከከሰል፣ ከኩበትና ከሰብል ተረፈ ምርት ነው። የገጠር ቤተሰብ ከሚያነደው ውስጥ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው እንጀራ መጋገር ነው። የፀሐይ ፓነል አምፖል ያበራል፣ ስልክም ይሞላል፤ ምጣድ ግን አያሞቅም። ስለዚህ ገጠሩ መብራት አገኘ ማለት አፈሩ ከእሳት ዳነ ማለት አይደለም።

ይህን ክፍተት ለመሙላት ከተሞከሩት መንገዶች ሦስቱን ላንሳ። የመጀመሪያው ባዮጋዝ ነው።

የባዮጋዝ ማብላያ አሠራሩ ያን ያህል ውስብስብ አይደለም። እበትና ውኃ በእኩል መጠን ተበጥብጦ አየር በማይገባው ጉድጓድ ውስጥ ይገባል። በዚያ ያሉ ረቂቃን ተሕዋስያን እበቱን ሲያብላሉ ሚቴን የበዛበት ጋዝ ይወጣል። ከ1 ኪሎ ግራም ትኩስ እበት እስከ 40 ሊትር ጋዝ ሊገኝ ስለሚችል፣ ወደ 20 ኪሎ ግራም የሚሆን የየዕለት እበት ለአንድ ምድጃ ከሁለት ሰዓት በላይ ያገለግላል። ለእርሻው ትልቁ ቁም ነገር ግን በሌላኛው በኩል የሚወጣው ዝቃጭ ነው። ጋዙ የሚወስደው በዋናነት ካርቦንን ነው፤ ናይትሮጅኑ ከሞላ ጎደል በዝቃጩ ውስጥ ይቀራል፣ ከፊሉም ሰብል በቶሎ ሊወስደው ወደሚችለው መልክ ይለወጣል። እበቱ በአንድ ጊዜ እሳትም ፍግም ይሆናል። የጠዋቱ ምርጫ ቀረ ማለት ነው።

ይህን በመገንዘብ ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም በአራት ክልሎች ተጀመረ። የመጀመሪያው ምዕራፍ ግብ እስከ 2013 እ.ኤ.አ. ድረስ 14 ሺህ ማብላያዎችን መገንባት ነበር፤ የተገነቡት ግን 8 ሺህ ያህል ናቸው። ፕሮግራሙ ከዚያ በኋላም በአዳዲስ ምዕራፎች ቀጥሏል። እኔ ዛሬ ማንሳት የምፈልገው ግን በግቡና በክንውኑ መካከል ያለውን ልዩነት አይደለም፤ «ተገነባ» የሚለውን ቃል ነው።

ከዓመታት በፊት በአንድ የደጋ ወረዳ የማብላያዎችን ሁኔታ ከሚገመግም ቡድን ጋር ሄጄ ነበር። አንድ ግቢ ስንገባ በማብላያው ጉልላት ላይ ሽንብራ ተሰጥቶበት አገኘን። የቤቱን እመቤት፣ «እማማ፣ ይኼ አይሠራም እንዴ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ሠርቶ ነበር ልጄ፤ ውኃው ነው ያሸነፈኝ። ለሰው፣ ለከብት፣ ደግሞ ለጉድጓዱ!» አሉኝ። ማብላያው በየቀኑ አንድ ተጨማሪ ጀሪካን ውኃ ይፈልጋል፤ ምንጩ ሩቅ ነው፤ የሚቀዱት እርሳቸውና የልጅ ልጃቸው ናቸው። እኔ ግን ወደ ከተማ ተመልሼ ቅጹን ስሞላ ያገኘሁት «ተገንብቷል» እና «አልተገነባም» የሚሉ ሁለት ዓምዶችን ብቻ ነበር። «ተገንብቷል» በሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ። ያልዋሸሁ መስሎኝ ነበር። ነገር ግን የእኔና የመሰሎቼ ምልክቶች ተደምረው የቀጣዩን ዓመት ዕቅድ የሚወስን አኃዝ ሆኑ፤ በአኃዙ ውስጥ ያ ጀሪካን የለም። ቅጹ የሌላ ሰው ሥራ ቢሆንም፣ ከግርጌው አንድ መስመር ማስታወሻ እንዳልጽፍ የከለከለኝ ማንም አልነበረም።

ከዚህ የምንማረው ግልጽ ነው። ድጋፉ ለግንባታ ብቻ ከተከፈለ የሚበዛው ግንባታ ነው። ለአገልግሎትም ከተከፈለ አገልግሎቱ ይበዛል። የድጋፉ ከፊል ገንዘብ ማብላያው አንድና ሁለት ዓመት ከሠራ በኋላ ለሠሪውና ለጠጋኙ የሚለቀቅ ቢሆን፣ ሠሪው ውኃ ከሌለበት ግቢ ጉድጓድ አይቆፍርም፤ የዝናብ ውኃ ማጠራቀሚያውንም ከማብላያው ጋር አብሮ ያስባል።

ሁለተኛው መንገድ በፀሐይ የሚሠራ የውኃ መሳቢያ ፓምፕ ነው። በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ የነዳጅ ድጎማው ደረጃ በደረጃ መነሣት ከጀመረ ወዲህ በናፍጣና በቤንዚን ሞተር ሲያጠጣ ለነበረው አርሶ አደር የፀሐይ ፓምፕ ጥቅም ይበልጥ ጎልቷል። ዋናው እንቅፋት የመግዣው ዋጋ ነው። ሞተሩ በርካሽ ይገዛና ነዳጁ ዕድሜ ልክ ያስከፍላል፤ የፀሐይ ፓምፕ ወጪ ግን በመጀመሪያው ቀን ላይ ተከምሮ ይገኛል። በዚህ ረገድ የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና መብት አዋጅ ቁጥር 1147/2011 መልካም በር ከፍቷል፤ ከብት፣ የእርሻ ምርትና መሣሪያ ለብድር መያዣ ሊሆኑ ይችላሉ። ፓምፑ ራሱ የራሱ ዋስ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ይሁንና የፀሐይ ፓምፕ አንድ የተደበቀ ጠባይ አለው። አንዴ ከተገዛ በኋላ አንድ ተጨማሪ በርሜል ውኃ ለመሳብ የሚጠይቀው ገንዘብ የለም። ናፍጣ ውድ በመሆኑ ሳያውቀው የውኃ ዘበኛ ነበር፤ ገበሬው የነዳጁን ሂሳብ እያሰበ ሞተሩን ያጠፋል። ፀሐይ ግን እስክትጠልቅ ድረስ አጥፋ አትልም።

ሕንድ ይህን ጥያቄ ከእኛ ቀድማ ተጋፍጣለች። ከዓለም አገሮች ሁሉ የበለጠ የከርሰ ምድር ውኃ የምትስበው ይህች አገር በ2019 እ.ኤ.አ. ኩሱም የተባለውን ፕሮግራም ጀመረች። ለነጠላ የፀሐይ ፓምፖች በተወጠነው ድጋፍ ማዕከላዊው መንግሥት 30 በመቶ፣ የክልሉ መንግሥት ሌላ 30 በመቶ እንዲከፍሉ፣ ቀሪውም በብድርና በገበሬው መዋጮ እንዲሸፈን ተወሰነ። ወዲያው የተነሣው ሥጋት ውኃው ነበር። በጉጃራት ክልል ዱንዲ በምትባል መንደር ግን ገበሬዎች በኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጅተው ከፓምፖቻቸው የሚተርፈውን ኤሌክትሪክ ለአካባቢው የኤሌክትሪክ አከፋፋይ ድርጅት መሸጥ ጀመሩ። ከዚያ ወዲህ ከልክ በላይ የተሳበ ውኃ ማለት ያልተሸጠ ኤሌክትሪክ ማለት ሆነ። ያለ ቁጥጥርና ያለ ቅጣት ውኃው ዋጋ አገኘ።

ይህን እንዳለ ወደ እኛ ማምጣት አይቻልም፤ የኤሌክትሪክ መስመሩ ከአብዛኛው ማሳችን አይደርስምና። ችግሩ ግን ለእኛም እንግዳ አይደለም። በምሥራቅ ሐረርጌ የሚገኘው የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ሙሉ በሙሉ ደርቆ እንደ ነበር ታስታውሳላችሁ። ለጫትና ለአትክልት መስኖ፣ ለከተማ መጠጥም ውኃው በፓምፕ ይሳብ ነበር፤ ከተራቆቱት ኮረብቶች የሚታጠበው ደለልም ሐይቁን ይሞላው ነበር። በቅርብ ዓመታት ውኃው ተመልሶ በማየታችን ደስ ብሎናል። ያን ጊዜ ሐይቁን የሳቡት ሞተሮች ነዳጅ የሚያስከፍሉ ነበሩ። ነዳጅ የማያስከፍል ፓምፕ በሐይቁ ዳር ቢደረደር ኖሮ መድረቁ ይዘገይ ነበር ብሎ የሚከራከር ያለ አይመስለኝም።

በእኛ ሁኔታ የናፍጣውን ቦታ ተክቶ ውኃውን የሚጠብቀው ምንድን ነው? የመስኖ ውኃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 841/2006 መሠረቱን ጥሏል። ለፓምፕ የሚሰጥ ብድርና ድጎማ በማኅበሩ በኩል ቢያልፍ፣ ከፓምፑ ጋር የጠብታ መስኖ ቱቦ አብሮ ቢቀርብ፣ በየቀበሌው በተወሰኑ ጉድጓዶች ላይ የውኃው ጥልቀት በክረምትና በበጋ እየተለካ ለማኅበሩ ጉባኤ ቢነገር፣ ገበሬው ራሱ ዘበኛ ይሆናል። ጥልቀቱን ለመለካት የሚያስፈልገው ምልክት የተደረገበት ገመድና አንድ ደብተር ነው።

ሦስተኛው መንገድ ኃይልን ከማሳው ማምረት ነው። በዚህ ረገድ ብዙ የሚያስተምረን የጀርመን ታሪክ ነው። በ2000 እ.ኤ.አ. የወጣው የታዳሽ ኃይል ሕግ ለአምራቾች ለ20 ዓመታት የተረጋገጠ ዋጋ ሰጠ። በ2004 የተደረገው ማሻሻያ ደግሞ ለኃይል ተብሎ ለሚዘራ ሰብል ተጨማሪ ክፍያ አከለበት። የባዮጋዝ ጣቢያዎች ቁጥር ከ1 ሺህ ገደማ ተነሥቶ ከአሥር ዓመት በላይ ብዙም ባልፈጀ ጊዜ ወደ 9 ሺህ ቀረበ። በአኃዙ ብቻ ብንፈርድ ድንቅ ስኬት ነው። ነገር ግን ማብላያዎቹን ለመመገብ ከሁሉ የቀለለው በቆሎ ስለነበር በቆሎው ማሳውን ወረሰው። የሣር መሬት ታረሰ፤ የመሬት ኪራይ ተወደደ፤ ወተት የሚያመርተው ገበሬ ከጋዝ አምራቹ ጋር በጨረታ መወዳደር አቃተው። በ2012 ሕግ አውጪዎቹ ወደ አዳዲስ ጣቢያዎች የሚገባው በቆሎ ከ60 በመቶ እንዳይበልጥ ገደብ ጣሉ፤ በ2014 ደግሞ ለአዳዲስ ጣቢያዎች የኃይል ሰብሉን ተጨማሪ ክፍያ አስቀሩት። ሕጉ የከፈለው ለኪሎ ዋት ሰዓት ነበር፤ ያገኘውም ኪሎ ዋት ሰዓት ነው።

እኛም በ2007 እ.ኤ.አ. የባዮፊውል ስትራቴጂ አውጥተን ጃትሮፋና ጉሎ ብዙ ተነግሮላቸው ነበር። በወላይታ አካባቢ ምግብ ይዘሩበት በነበረው መሬት ላይ ጉሎ የዘሩ አርሶ አደሮች የተነገራቸውን ምርትና ገበያ አላገኙም፤ ዘመኑም የእህል ዋጋ የናረበት ነበር። አብዛኞቹ ወደ ቀደመው ሰብላቸው ተመለሱ።

በአንጻሩ ማንም ስትራቴጂ ሳይጽፍለት የተስፋፋ አንድ ልምድ አለ። በአዊ ዞን ፋግታ ለኮማ ወረዳ አፈሩ አሲዳማ ሆኖ ምርት ሲያሽቆለቁል፣ ገበሬዎች ዲከረንስ የሚባለውን የግራር ዝርያ ከጤፍ ጋር ማፈራረቅ ጀመሩ። በመጀመሪያው ዓመት ችግኙና ጤፉ አብረው ይበቅላሉ። ቀጥሎ ከዛፎቹ ሥር ሣር ለከብት ይታጨዳል። በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ዛፉ ተቆርጦ እዚያው ማሳው ላይ ከሰል ይሆናል፤ መሬቱም ተመልሶ ጤፍ ይዘራበታል። ዛፉ ናይትሮጅንን ከአየር ወስዶ በአፈሩ ውስጥ ያስቀምጣል፤ ቅጠሉና ሥሩም ይበሰብሳል። ከሰሉ ወደ ከተማ፣ ገንዘቡ ወደ ገበሬው፣ ለምነቱ ወደ ማሳው ይሄዳል። እንከን የለውም አልልም። የከሰል አከሳሰሉ ኋላ ቀርና ጭስ የበዛበት ነው። ከሁሉ በላይ ወረዳው በአንድ ዝርያ ላይ ብቻ ተንጠልጥሎ ስለነበር፣ በቅርብ ዓመታት የዝገት በሽታ ሲገባ ብዙ ማሳ ተጎዳ። ድጋፍ ያስፈልግ የነበረው እዚህ ላይ ነበር። የተለያዩ ዝርያዎችን የሚፈትሽ ምርምር፣ የተሻለ የከሰል ምድጃና ሕጋዊ የገበያ ሰንሰለት የሚያስፈልገው ገበሬው በራሱ ጥበብ ለጀመረው ነገር ነው። ይህ አሳብ ግን ለድጋፍ ክፍፍል አይመችም፤ የኃይል ክፍሉ «ይህ ደን ነው» ይላል፣ የሰብል ክፍሉ «ይህ ከሰል ነው» ይላል።

ይህ ወደ መጨረሻው ነጥቤ ያደርሰኛል። ዛሬ ኃይል ያለው በውኃና ኢነርጂ ሚኒስቴር፣ አፈር ያለው በግብርና ሚኒስቴር ሥር ነው። እያንዳንዱ የራሱን አኃዝ ይቆጥራል፤ እበቱ ግን በሁለቱ መካከል ይቃጠላል። አዲስ መሥሪያ ቤት ይቋቋም አልልም። ሁለቱ የሚቆጥሩትን አንድ የጋራ መለኪያ ይያዙ ነው የምለው። የኤሌክትሪክ ምጣድ የሚሸከም መስመር ወደ አንድ ቀበሌ ሲገባ፣ ምን ያህል ቤተሰብ ኩበት ማንደድ እንዳቆመና እበቱ ወዴት እንደ ሄደ ይቆጠር። ያ ቁጥር ከተያዘ የኤሌክትሪክ መስመሩ ከአፈር ማዳበሪያ ግዥው ጋር በአንድ ሚዛን ሊቀመጥ ይችላል። ምናልባትም ለማዳበሪያ ማስመጫ ከምናወጣው የውጭ ምንዛሪ ከፊሉ ምጣድ ላይ ቢውል የበለጠ ናይትሮጅን ወደ ማሳ ይመልስ ይሆናል። ስሌቱን ሠርተን ማየት የእኛ የተመራማሪዎች ሥራ ነው።

አንድ ተገቢ ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። «ድሃው ገበሬ ድጋፍ ባገኘ ቁጥር መለኪያና ቅድመ ሁኔታ ልትደረድሩበት ነው?» የሚል ነው። ጥያቄው የሚገባ ነው፤ ቅድመ ሁኔታ የበዛበት ድጋፍ መጨረሻው ለባለ ጠጋው ገበሬ ይሆናል። መልሴ፣ የመለካቱ ሸክም በሰጪው ላይ ይሁን የሚል ነው። የአፈር ናሙና የሚወስደው፣ የጉድጓዱን ጥልቀት የሚለካው፣ ማብላያው መሥራቱን ከሁለት ዓመት በኋላ ተመልሶ የሚያየው የልማት ሠራተኛውና የምርምር ተቋሙ ይሁን፤ በጀቱም ከድጋፉ ጋር አብሮ ይመደብ። ገበሬውማ መሬቱን ዘወትር ይለካዋል፤ የሚለካው በልጆቹ ምግብ ነው።

ውድ ተማሪዎች፣ ብዙዎቻችሁ በቅርቡ የመመረቂያ ጽሑፋችሁን ለመሥራት ወደ ገጠር ትወርዳላችሁ። መጠይቅ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ፤ መጠይቁን ያዘጋጀነውም እኛ መምህራኖቻችሁ እንሆናለን። ስንት ፓምፕ፣ ስንት ማብላያ፣ ስንት ፓነል የሚሉትን ሙሉ። ከዚያ ግን ብዕራችሁን ሳትከድኑ የቤቱን እመቤት ሁለት ነገር ጠይቁልኝ፤ የዛሬ ጠዋቱ እበት የት ሄደ? ውኃውንስ ማን ቀዳ? መልሱ በቅጹ ላይ ቦታ ባይኖረውም ከግርጌው ጻፉት። እኔ ያን ጊዜ ሳልጽፈው ቀርቻለሁ።